ለአሮጌ ዴስክቶፕ የሚስማማ ራም እንዴት ይመረጣል?

ለአሮጌው ዴስክቶፔ ባለ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ገዝቼ ቤት ገባሁ። ዓይነቱ ልክ ነው፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ማስገቢያው ላይም ቀጭ ብሎ ገባ። ኮምፒውተሩን ሳበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጭጭ አለ። ከዚያ ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። ማዘርቦርዱን (ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ) ያቃጠልኩት መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። አሮጌውን ራም መልሼ ስሰካው ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ጥፋቱ የት እንደነበር ለማወቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እናንተም ያንን ያህል እንዳትለፉ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ የጠበበው ራሙ ነው?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ተመልከቱ። የዘወትር ሥራችሁን እየሠራችሁ ሞልቶ ሊፈስ ከደረሰ፣ አዎ ራም ይጨመር። ግማሹ ባዶ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ ግን ራም አይፈይድለትም። ገንዘቡን ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባውን ፈጣን ማከማቻ፣ ግዙበት።

እግረ መንገዳችሁን ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት መሆን አለመሆኑን እዩ። 32 ቢት ከሆነ ብትጨምሩም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

የማዘርቦርዱን ስም ማወቅ

ሲፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የማዘርቦርዱን ሞዴልም፣ አሁን የተሰካውን ራም ዓይነትም ያሳያል። እኔ ግን ሳጥኑን ከፍቶ በዓይን ማየትን እመርጣለሁ። ስንት ማስገቢያ እንዳለ፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ፣ አቧራው ምን እንደሚመስል ሁሉም እዚያው ይታያል።

ሞዴሉ ከታወቀ የአምራቹን መመሪያ ፈልጉና አውርዱ። ብዙ ሰው የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ «እስከ 16 ጊጋባይት ይቀበላል»። ማስገቢያዎቹ 4 ከሆኑ እኮ ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማስገቢያ 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁለት ፍሬ ባለ 8 ማለት አይደለም። እኔም የወደቅኩት እዚሁ ላይ ነው። ጠቅላላውን አይቼ የእያንዳንዱን ማስገቢያ ልክ ዘለልኩት።

ትውልዱን መለየት

የራም ትውልዶች የሚጠሩት ዲዲአር በሚል ስምና በቁጥር ነው። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይተካኩም። አንዱ በሌላው ማስገቢያ እንዳይገባ ከታች ጠርዛቸው ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያል። እምቢ ካለ እምቢ ነው፣ በጉልበት አትግፉት። የእግሮቹን ቁጥር ማመን አያዋጣም፣ ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም 240 እግር ነው ያላቸው። ዲዲአር4 ደግሞ 288።

ቮልቴጁም ይለያያል። ዲዲአር2 በ1.8፣ ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ነው የሚሠሩት። በመሃል ዲዲአር3ኤል የሚባል በ1.35 ቮልት የሚሠራ አለ። እሱ በ1.5 ቮልትም ስለሚሠራ በተለመደው የዲዲአር3 ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። በተቃራኒው ዲዲአር3ኤል ለሚል ቦርድ ባለ 1.5 ቮልቱን አትስጡት።

አጭሩ ራም የላፕቶፕ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ዴስክቶፖችም እሱን ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አውጥታችሁ እዩት።

ስቲከሩን ማንበብ

«ፒሲ3-12800ዩ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ፒሲ3 ማለት ዲዲአር3 ነው። 12800ን ለ8 ስታካፍሉት 1600 ይመጣል፣ ፍጥነቱ ያ ነው። 10600 የሚለው ቁጥሩ የተጠጋጋ ስለሆነ 1333 ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ትንሽ ትመስላለች፣ ጣጣዋ ግን ትልቅ ነው። ዩ የተለመደው የዴስክቶፕ ራም ነው። አር ከሆነ የሰርቨር ነው። የሰርቨር ራም ያገለገለ ሲሸጥ ዋጋው ያስጎመጃል፣ ማስገቢያው ላይም ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን አያስነሳውም። ኢ የሚለው ስህተት የሚያርም ራም ነው፣ በአንድ ጎን በ8 ቺፕ ፈንታ 9 ይኖረዋል። አንዳንዱ ቦርድ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ አይቀበለውም። ተዉት።

ቺፖቹን መቁጠር

አሁን ወደ እኔ ሁለት ሳምንት መጣን። ሻጭም ብዙ ጊዜ ይህን አያውቀውም።

ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ በሁለቱም ጎን 8፣ 8 በድምሩ 16 ቺፕ አለው። ሌላው በአንድ ጎን ብቻ 8 ቺፕ አለው፣ ጀርባው ባዶ ነው። መጠናቸው እኩል ከሆነ 8 ቺፕ ያለው እያንዳንዱ ቺፑ እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 16 ቺፕ በ2 ጊጋቢት 32 ጊጋቢት፣ 8 ቺፕ በ4 ጊጋቢትም 32 ጊጋቢት። 8 ጊጋቢት አንድ ጊጋባይት ስለሆነ፣ 32 ለ8 ሲካፈል 4 ጊጋባይት።

ለአዲስ ኮምፒውተር ልዩነት የለውም። የአሮጌው የራም መቆጣጠሪያ ግን የተሠራው ትልልቆቹ ቺፖች ገበያ ሳይገቡ ነው። የኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (የቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያላቸው የኮር 2 ፕሮሰሰር ቦርዶችና የመጀመሪያው ትውልድ ኮር አይ5 እና አይ7 ፕሮሰሰሮች፣ ዲዲአር3 ላይ በመመሪያቸው የሚቀበሉት እስከ 2 ጊጋቢት ያለውን ቺፕ ነው። ባለ 4 ጊጋቢት ስትሰጡት ወይ አይነሳም፣ ወይ ግማሹን ብቻ ያያል። የእኔ ባለ 8 ጊጋባይት 16ቱም ቺፖቹ ባለ 4 ጊጋቢት ነበሩ። ኮምፒውተሬ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። በቃ፣ አይተዋወቁም። ያው ራም በኋላ ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ5 ላይ ሰክቼው በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ስለዚህ ለእንደነዚህ ዓይነት ማሽኖች ባለ 4 ጊጋባይት ስትገዙ ባለ 16 ቺፑን ምረጡ። ቺፑ በብረት ከተሸፈነ ስቲከሩን እዩ፦ «2አር×8» የሚለው ሁለት ረድፍ ስላለው 16 ቺፕ ነው፣ «1አር×8» የሚለው 8 ነው። ሁለተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለው ኮር አይ ላላችሁ ይህ ጭንቀት የለባችሁም።

ሌላ ወጥመድ ልጨምር። «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብሎ የሚሸጥ ረከስ ያለ ዲዲአር3 አለ። የቺፖቹ አደረጃጀት ከተለመደው ስለሚለይ ኢንቴል አያነበውም። ኢንቴል ካላችሁ ዋጋው አያታልላችሁ።

ከአሮጌው ጋር ማደባለቅ

ይቻላል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁሉም በቀርፋፋው ይሄዳሉ። ለዚህም ነው ለአሮጌ ማሽን ፈጣን ራም ፍለጋ ገንዘብ አታፍስሱ የምለው። የመጀመሪያው ትውልድ ኮር አይ በመደበኛው የሚያስኬደው እስከ 1333 ነው፣ ባለ 1600 ብትሰጡትም ወደዚያው ያወርደዋል። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ፍሬ ይሻላል፣ በሁለት ቻናል (የመረጃ መስመር) ጎን ለጎን ይሠራሉ።

መሰካት

ኬብሉን ከሶኬት ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ የቀረ ኃይል ካለ ይወጣል። የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጉ። ሁለት ፍሬ ከሆነ አብዛኛው ቦርድ ላይ ቀለማቸው አንድ የሆኑ ማስገቢያዎች ውስጥ ይገባሉ፣ መመሪያው ሌላ ካላለ። የጎን መያዣው ቀጭ እስኪል ተጫኑ። ከምታስቡት በላይ ጉልበት ይፈልጋል።

ካልተነሳ አትደንግጡ። ያገለገለ ራም ከሆነ ወርቃማ እግሮቹን በንጹሕ ላጲስ አሽታችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ። ከዚያ አንድ ፍሬ ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። አሁንም እምቢ ካለ ኬብሉን ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ሁሉንም እንደ አዲስ ይቆጥራል።

ተነስቶ መጠኑን በትክክል ካሳየ በኋላም ደረሰኙን አትጣሉ። ሜምቴስት86+ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ፣ ማታ አስነስታችሁ ተኙ። ጠዋት ቀይ መስመር ካያችሁ፣ አንድም ብትሆን፣ ፍሬዎቹን ለየብቻ ፈትሹና ስህተት የሚያወጣውን ለሻጩ መልሱለት።