ዋይፋዩ ተገናኝቶ ገጽ አልከፍት ካለ ቀኑን እዩት

ስልካችሁ ወይም ታብሌታችሁ ዋይፋዩን ይዟል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው፣ ግን ድረ ገጽ ስትከፍቱ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሳችኋል? ራውተሩን ከመንቀላችሁ በፊት የስልኩን ዓመት እዩ። እኛ ጋ ይሄ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳየኝ ብሎ ዓመቱን በእጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ባትሪው ጭልጥ ብሎ ያለቀበት አሮጌ ታብሌትም ሲነሳ የድሮ ቀን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሴቲንግ ገብታችሁ ቀንና ሰዓት የሚለው ላይ አውቶማቲኩን አብሩት። ሲም የሌለው ታብሌት አልስተካከል ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ራሳችሁ ሙሉት፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉት፣ ሁለቱም ጂኤምቲ+3 ናቸው። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አብዛኛው ድረ ገጽ ትክክለኛው ገጽ መሆኑን ለብራውዘሩ የሚያሳይ ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ ላይም የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ስልኩ በፈረንጅ 2018 ላይ ያለ ከመሰለው፣ የዘንድሮውን ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም ብሎ አላምንም ይላል።

የኢትዮጵያ ቀን ከፈለጋችሁ የካላንደር አፕ ጫኑ እንጂ የስልኩን ቀን አትንኩ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞልታችሁት ከነበረ አላርማችሁን አስተካክሉ፤ ጠዋት 12:30 ብላችሁ የሞላችሁት አሁን 6:30 መሆን አለበት።

በዚያው ዋይፋይ የሌላ ሰው ስልክም እምቢ ካለ ግን ችግሩ ከራውተሩ ወይም ካልተከፈለ ሂሳብ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አጣሩ።