ስልካችሁ ቻርጅ አልይዝ ካለ፦ መሰኪያውን ራሳችሁ እንዴት ትጠግናላችሁ?

ባለፈው ክረምት የእናቴ ስልክ ቻርጅ አልይዝ አለ። እዚሁ ጅማ አንድ ጥገና ቤት ወስዳ ስታሳየው "ቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ቢገዙ ይሻላል" ተባለች። ማታ መሰኪያውን (የቻርጅ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ) በእጅ ባትሪ ሳየው ውስጡ በጨርቅ ብናኝና በአፈር ጥቅጥቅ ብሏል። በስቴኪኒ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ስልኩ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስለዚህ ሳታጸዱ አትቀይሩ። በተለይ እኛ ጅማ ላይ ያለን ሰዎች። ክረምቱ ረጅም ነው፣ እርጥበቱ ደግሞ አይጣል ነው፤ የኪስ ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ይጋገርና ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። ቡና መፈልፈያ የሚውል ሰው ስልክማ የገለባውም ብናኝ ይጨመርበታል።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሆነ ለዩ። ሌላ ገመድና ሌላ ቻርጀር ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። በሁሉም ገመድ እምቢ ካለ ወይም ገመዱን ስታወዛውዙት አንዴ ይዞ አንዴ ከለቀቀ ጥርጣሬው ወደ መሰኪያው ይዞራል። ታይፕ ሲ (ገመዱ በሁለቱም በኩል የሚገባበት ዓይነት) ከሆነ አንድ ጥሩ መለያ አለ፦ ገመዱን ገልብጣችሁ ሰኩት። በአንድ በኩል ይዞ በሌላው ካልያዘ፣ እስከ 24 ከሚደርሱት ፒኖች (ቀጫጭን የብረት መገናኛዎች) በአንዱ ረድፍ ያሉት ቆሽሸዋል ወይም ተጎድተዋል ማለት ነው።

አሁን ጽዳቱ። ስልኩን አጥፉት። የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን በምላጭ አሳሱትና በመሰኪያው ግድግዳ ዳር ዳር እያስኬዳችሁ ብናኙን ወደ ውጭ ጎትቱ። መርፌ አታስገቡ! ታይፕ ሲ መሃሉ ላይ ቀጭን ምላስ አለው፤ እሷ ከተሰበረች ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካያችሁ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አልኮል አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። የጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች የሚይዙት 99 በመቶው አልኮል ይሻላል። የፋርማሲው 70 በመቶ ውሃ ስላለበት በጣም ትንሽ ተጠቀሙና ለረጅም ሰዓት አድርቁት። ቤንዚን አይሆንም፣ ፕላስቲክ ይበላል። ዝናብ የመታውን ስልክ ደግሞ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት፣ ከሰል አጠገብም አታስጠጉት፤ መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ ነፋስ ባለበት አስቀምጡት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልሠራ መክፈት ነው። ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙ፣ ለባለሙያ ስጡት። ደህና ከሆነ ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ ጠብቁና አጥፉት። ጀርባውን በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁና ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ዳር ዳሩን አላቁት። ብሎኖቹን ስትፈቱ ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጡ፤ ቁመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ከዚያ ከምንም በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ መሰኪያው ያለው ከታች ባለች ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ብየዳ አያስፈልግም። ፍላቷን (ትንሿን ቦርድ ከዋናው የምታገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ) አንሱ፣ ቀጭኗን የአንቴና ገመድ በወረንጦ ወደ ላይ ንቀሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ፣ አዲሷን ቦርድ በቦታው አስገቡ። ቦርዷን ስትገዙ የስልኩን ስም ብቻ አትናገሩ። ሴቲንግ ውስጥ "ስለ ስልኩ" የሚለው ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥር በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ቦርዳቸው የሚለያይ አሉ። እዚህ ከተጣ ከአዲስ አበባ ማስላክ ይቻላል፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ስለዚህ አሮጌዋን ቦርድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩና አመሳስሉ።

መሰኪያው ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነ በግልጽ ልንገራችሁ፦ በሞተ ቦርድ ላይ ደጋግማችሁ ሳትለማመዱ አትንኩት። እርሳስ ያለበት ሊድ (ለብየዳ የሚቀልጠው ብረት) በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ እርሳስ የሌለው ግን 217 አካባቢ ይፈልጋል፤ የመሰኪያው ወፋፍራም እግሮች ደግሞ ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ይወስዱታል። ሰው ትዕግሥቱ ያልቅና ሳይቀልጥ ይጎትተዋል፣ ከሥሩ ያለው የመዳብ ፓድ አብሮ ይላጣል። ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲቀልጥና እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) በደንብ ቀቡ፣ ባትሪውን ከቦርዱ አርቁ፣ መሰኪያው ራሱ እስኪንሳፈፍ ጠብቁ። አዲሱን ከበየዳችሁ በኋላ ባትሪውን ከማገናኘታችሁ በፊት ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጋችሁ የፖዘቲቩን ፒንና የመሰኪያውን ብረት ነካ አድርጉ። ጢጥ ካለ መገናኘት የሌለባቸው ተገናኝተዋል፣ መልሳችሁ አጽዱት።

ጀርባውን ወዲያው አትለጥፉ። ባትሪውን ሰኩ፣ ስልኩን አብሩ፣ ገመዱን በሁለቱም በኩል ገልብጣችሁ ሞክሩ። ማይኩም ብዙ ጊዜ ያችው ትንሽ ቦርድ ላይ ስለሆነ ለሆነ ሰው ደውላችሁ ድምፃችሁ ይሰማ እንደሆነ ጠይቁት። ግማሽ ሰዓት ቻርጅ አድርጉና መሰኪያውን በእጃችሁ ዳሱት። ለብ ማለቱ ችግር የለውም። የሚያቃጥል ከሆነ ግን ንቀሉና እንደገና ክፈቱት።