ሸለቆው ተራራ መስሎ ሲታይ፦ በወሎ ምድር የጥላ ካርታን የማንበብ ችግርና መፍትሔ

ችግር፦ በካርታው ላይ ሸለቆው ተረተር፣ ተረተሩም ሸለቆ መስሎ ይታያል።

ምክንያት፦ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ በጥላ የሚያሳዩ ካርታዎች በልማድ የሚሠሩት ብርሃን ከሰሜን ምዕራብ፣ ማለትም ከግራ ላይኛው ማዕዘን፣ እንደሚመጣ ተደርጎ ነው። ዓይናችን ብርሃን ከላይ መምጣቱን ስለለመደ፣ ሰሜን ወደ ላይ እስከሆነ ድረስ ቅርጹን በትክክል ይለያል። ተጓዡ ወደ ደቡብ ሲሄድ ካርታውን አብሮ ካዞረው ግን ብርሃኑ ከታች የመጣ ይሆናል፤ አእምሮ ልማዱን ስለማይተው ጎድጓዳው ጉብ ብሎ፣ ጉብ ያለውም ጎድጉዶ ይታየዋል። ስልክ ካርታውን በተጓዡ አቅጣጫ ሲያዞር ስሕተቱ ሳይታወቅ ይገባል።

ከወገል ጤና ከተማ ወደ በሽሎ ወንዝ ስንወርድ የደረሰብን ይኸው ነው። ስልኩን የያዘው ጓደኛችን በስተግራ ረጅም ተረተር አየሁ ብሎ እሱን ይዘን እንድንወርድ መከረን፤ ተረተር ያለው ግን ክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ሸጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደወረድን ግራና ቀኙ ግድግዳ ሆነ፤ የምንረግጠው ድንጋይም ውኃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ሆነ። ያን ጊዜ መጠርጠር ሲገባን ቀጠልን። «ተመለሱ! እሱ የውኃ መውረጃ እንጂ መንገድ አይደለም!» ብሎ ከላይ የጮኸልን ፍየል ጠባቂ ልጅ ነው። ከፊታችን ያለው ገደል ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ስሕተት በብዙ ተጓዦች ላይ አይቻለሁ፤ ሁሉም ያመካኙት በካርታው ነው።

መፍትሔ፦ ቅርጹን ከማመን በፊት ወንዝ ፈልጉ። ሰማያዊው መስመር በተረተር አናት ላይ የሚሄድ ከመሰላችሁ ካርታው ተገልብጦባችኋል። በስልኩ ላይ ሰሜን ምንጊዜም ወደ ላይ እንዲሆን አስተካክሉ። የወረቀት ካርታ ከሆነ አቅጣጫ ለመያዝ አዙሩት፤ ቅርጽ ለማንበብ ግን መልሱት። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የኮንቱር መስመሮች ቁጥር ሳታነቡ ወደ ሸጥ አትግቡ። በክረምት ጨርሶ አትግቡ፤ ዝናቡ ሩቅ ደጋ ላይ ጥሎ ጎርፉ እናንተ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። የሳተላይት ፎቶም እንዲሁ ያሳስታል፤ በብዛት የሚነሣው ረፋድ ላይ ስለሆነ በበጋ ብርሃኑ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ሰሜን ወደ ላይ ሆኖም ከታች፣ ነው።

ችግር፦ ጠቆር ያለው ቦታ ጫካ ይመስላል።

ምክንያትና መፍትሔ፦ ጥቁረቱ ከብርሃኑ የዞረ ቁልቁለት ነው። ወደ አፋር የሚወርደው ታላቁ ቁልቁለት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ጠቁሮ ይታያል። ደሴ ላይ ጠዋት ቆሞ የጦሳን ተራራ የሚያይ ሰው ፀሐይ ያረፈበትን ገጽ ካርታው ላይ ጨለማ ሆኖ ሲያገኘው ግራ ሊጋባ አይገባም፤ የካርታው ብርሃን የሥዕል እንጂ የሰዓቱ ፀሐይ አይደለም። በከፍታ ቀለም በተቀባ ካርታም አረንጓዴው ቆላ ማለት እንጂ ለምለም ማለት አይደለም፤ ከባቲ በታች በአረንጓዴው ተማምኖ ውኃ ሳይዝ የሚወርድ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ችግር፦ አምባውና ሜዳው አንድ ይመስላሉ።

ምክንያትና መፍትሔ፦ ጥላ የሚለካው ዘንበል ማለትን እንጂ ከፍታን አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው የደላንታ ሜዳና ወደ 1,850 ሜትር ላይ ያለው የኮምቦልቻ ሜዳ እኩል ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። ከፍታውን ከቁጥሩ አንብቡ። ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥላ ካርታ ግን ግራጫው ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ስለሚለወጥ ቁጥሩም አይነበብም፤ ገንዘብ አታውጡበት።

ችግር፦ ካርታው ላይ የሌለ ገደል ያጋጥማል።

ምክንያትና መፍትሔ፦ ብዙዎቹ ካርታዎች የተሠሩት የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር ከለካው መረጃ ሲሆን፣ አንዱ ነጥብ ከሌላው 30 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ቀጥ ያለ የአምባ ግድግዳ ተዳፋት መስሎ ይለሰልሳል። መውረጃውን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ በአምባ ዙሪያ በር የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው።