አገር፣ ቤተሰብ፣ ምስጢር፦ ሦስት መጽሐፍ በአንድ ዙር እንዴት ይነበባል?

አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የፍቅር ብቻ፣ የታሪክ ብቻ፣ ልብ አንጠልጣይ ብቻ። አራተኛው ላይ ሲደርስ መጨረሻው ገና ከጅምሩ ይገባውና መጽሐፉን አስቀምጦ ስልኩን ያነሳል።

እኔ የምመክረው በዙር ማንበብ ነው። በአንድ ዙር ሦስት መጽሐፍ፦ አንዱ የአንድ አካባቢ ሕይወት ያለበት፣ አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ ምስጢር የተቋጠረበት። ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን። ምክንያቱም አገሩን ሳታውቁ ቤተሰቡ ምን እንደሚያሳፍረውና ምን እንደሚያስፈራው አይገባችሁም፤ ይህ ካልገባችሁ ደግሞ ምስጢሩ ለምን ምስጢር እንደሆነ አይገባችሁም።

ከአገሩ ጀምሩ። እዚህ ላይ ቸኩሎ መምረጥ ጥሩ አይደለም። የአካባቢ ሕይወት መጽሐፍ ስታነሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጸሐፊው የቦታው ልጅ ነው ወይስ እንግዳ የሚለውን ይሁን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጎጃምን ሲጽፉ ተወልደው ያደጉበትን፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩበትን አገር ነው የጻፉት። ፍቅረማርቆስ ደስታ ግን «ከቡስካ በስተጀርባ»ን የጻፈው ሐመር ሄዶ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ነው። ሁለቱም ይነበባሉ፤ አነባበባቸው ግን ይለያያል። የቦታው ልጅ ብዙ ነገር ሳያብራራ ያልፋል፣ ስለዚህ እናንተ መጠየቅ አለባችሁ። እንግዳው ሁሉንም ያብራራል፣ ስለዚህ «ይሄን የአገሩ ሰው ቢያነበው ምን ይል ነበር?» እያላችሁ አንብቡ። ሐመርን ከዚያ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ስለ ሐመር ያወቀው በእንግዳ ዓይን መሆኑን ባይረሳ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ካርታ አውጡ። የስልካችሁ ካርታ ይበቃል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ማንኩሳን ፈልጉ፣ ዲማን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድና ዓባይን እዩ። ያ ሁሉ መንገድ በእግር እንደተሄደ ስታስቡ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ድካም ሌላ ክብደት ያገኛል። የማታውቁት የገጠር ቃል ሲገጥማችሁ ወደ መዝገበ ቃላት ከመሮጣችሁ በፊት የዚያ አካባቢ ሰው ጠይቁ። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አክስት። አንድ ቃል ጠይቃችሁ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ታተርፋላችሁ።

ወሎንና የድርቁን ዘመን ለሚፈልግ የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» አለ፤ ሦስት ቅጽ ስለሆነ ብቻውን አንድ ዙር ይወስዳል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የሰሜን ሸዋን ኑሮ ይዟል። ግን ከባድ ነው፣ ለመጀመሪያ ዙር አልመክረውም። ሁለት ሦስት ዙር ከሄዳችሁ በኋላ ያዙት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ክርክሮቹን ሳትዘሉ።

ቀጥሎ የቤተሰብ መጽሐፍ። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የማን አበልጅ ነው እያላችሁ የዘር ሐረግ ሳሉ። ቀልድ አይደለም፣ በጣም ይረዳል። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ብቻ ወስዳችሁ ሞክሩት። ከላይ እናቱን ውድነሽ በጣሙንና አባቱን ቦጋለ መብራቱን ጻፉ። ከጎናቸው «ስለት» ብላችሁ ጻፉ፤ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታልና። በወረቀቱ በሌላኛው በኩል ፊታውራሪ መሸሻን፣ ከበታቻቸው ልጃቸውን፣ በዛብህ የሚወዳትን ሰብለ ወንጌልን አድርጉ። አሁን ከበዛብህ ወደ ሰብለ መስመር ለመሳብ ሞክሩ። መስመሩ በስለቱ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ በአባቷ የዘር ኩራት በኩል ያልፋል። ጸሐፊው በብዙ መቶ ገጽ የነገሩን ጭንቅ አንድ ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ።

ለቤተሰብ ተራ የግድ ልቦለድ መሆን የለበትም። እኔ አብዝቼ የምወደው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል በቴፕ ቀድተው ያዘጋጁትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። ልጅ ይጠይቃል፣ አባት ይመልሳሉ። የቆሎ ተማሪነት፣ መምህራኑ፣ ቅኔው፣ የድሮው ሰው ወግ ሁሉ በሽማግሌው አንደበት ይወርዳል። ይህን መጽሐፍ በዓይን ብቻ አታንብቡት፤ ቢያንስ አንዱን ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም የተነገረ እንጂ የተጻፈ ቃል አይደለም። ስትጨርሱ ስልካችሁን አውጡና ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው ቅዱ። እማማን፣ አባባን፣ ማንንም። «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ብቻ አትበሉ፣ እንደዚያ ሲባሉ ምን እንደሚያወሩ ይጠፋቸዋል። «መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት መቼ ነው?» ዓይነት ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ፤ ወሬው ራሱ ይዞት ይመጣል።

ሦስተኛው ምስጢር ነው። ብዙ ሰው ምስጢር ሲባል መርማሪ ፖሊስና ሽጉጥ ይታየዋል። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት እያነበበ ያደገ ትውልድ ስላለን አይፈረድብንም፤ እነሱም ዛሬ ድረስ ቢነበቡ አይሰለቹም። ግን ለዚህ ዙር የአገሩን ወግ የተሸከመ ምስጢር ፈልጉ። ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» ልክ እንደዚያ ነው። በጉራጌ አገር አንድ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል። ማን አቃጠለው? መርማሪው አንድ ሰው አይደለም፣ መንደሩ ራሱ ነው። አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት የቆየ ወግ ነው። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ዳኛ። ውጭ አገር ያደጉና አማርኛ ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች ላሏችሁ ደግሞ እንግሊዝኛ መሆኑ ይጠቅማል፤ አብራችሁ አንብቡትና ወጉን እናንተ አስረዷቸው።

ሌላው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፣ 1975 ዓ.ም.። አሥመራ፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ፣ ፊያሜታ፣ በየሆቴሉና በየቢሮው የሚሹለኮለክ የስለላ መረብ። መጽሐፉ ወዲያው ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህን እያወቁ ማንበብ ያማል፣ ግን ማወቅ ይገባል።

ለምስጢር መጽሐፍ ዘዴው አንድ ነው። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙና ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ማን ምን ያውቃል? ማን ለማን ምን ደበቀ? ግማሹ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ግምታችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ። መጨረሻውን ቀድሞ ማየት ክልክል ነው። ያነበበ ጓደኛ ካላችሁ አፉን እንዲይዝ ለምኑት።

መጻሕፍቱን ለማግኘት አዲስ አበባ ያላችሁ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ጠይቁ። የፈለጋችሁት አንዱ ጋ ከሌለ ከጎረቤቱ ያመጣላችኋል። ዋጋ ተከራከሩ፣ ገጽ መጉደሉንም ሳትከፍሉ በፊት ገልብጣችሁ እዩ፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች። መግዛት ካልተቻለ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ወይም አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ግን ይቅርባችሁ። በሕይወት ያለ ደራሲ የሚበላው ከዚያው ነው።

አንዱን ዙር ስትጨርሱ ለሚቀጥለው ቦታ ቀይሩ። የመጀመሪያው ጎጃም ከነበረ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ወይም ወደ ከተማ ይሂድ። ለከተማ ዓለማየሁ ገላጋይን ያዙ፣ «ወሪሳ» ወይም «አጥቢያ»። አዳም ረታን ከመረጣችሁ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ለቤተሰብ ተራ አስቀምጡትና ጊዜ ስጡት፤ በቀን ጥቂት ገጽ ይበቃል። ሃምሳ ገጽ ሄዳችሁ አልያዝ ያላችሁን መጽሐፍ ግን መልሳችሁ ሌላ አንሡ፣ ዙሩ አይቁም።