ለክረምት ትምህርት ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፦ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነሡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ሐምሌ ሲገባ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሰበታና በቱሉ ዲምቱ ጭቃው ጫማ መንጠቅ ይጀምራል፤ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ይዘጋሉ። በዚያው ወር በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ያሉ ከተሞች ዝናብ እምብዛም የማይጥልበት በጋ ላይ ስለሚሆኑ፣ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ጥቂት ሳምንታት የሚወስዱ አጫጭር ኮርሶችን ለውጭ አገር ተማሪዎች ያዘጋጃሉ። እኛ በለመደው አፋችን «የክረምት ትምህርት» የምንለው በእነርሱ ዘንድ የበጋ ትምህርት ነው። የእህቴን ልጅ ለዚህ ጉዞ ሳዘጋጅ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ ውስጥ ስለ ትምህርቱ የተነጋገርንበት ጥቂት ሳምንት ሲሆን፣ የቀረው ጊዜ ያለቀው አንዱን ወረቀት ከሌላው ወረቀት ጋር በማስማማት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚሁ ማስማማት ይሆናል።

አስቀድሞ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ከባሕሩ ዳርቻ አገሮች መካከል ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ማልታ፣ ስሎቬንያ፣ ክሮኤሽያና ግሪክ የሸንገን የጋራ ቪዛ ስምምነት አባላት ስለሆኑ በአንድ ዓይነት ቪዛ ይገባባቸዋል፤ ቆጵሮስ ግን የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚተማመን ተማሪ ማልታ ትቀላለች፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ከማልታ ቋንቋ ጋር የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ነው። ጣሊያንኛን ከመሠረቱ ለመማር የሚፈልግ ደግሞ መኪና፣ ቦርሳ፣ ጋዜጣ፣ ፋብሪካና ሳልሳ እያለ ያደገ መሆኑን አይርሳ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከሌሎች አገሮች ልጆች ይልቅ ለእርሱ ይቀለዋል። በናፖሊ ያለው የሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ አማርኛን ለረጅም ዘመን ሲያስተምር የኖረ በመሆኑ፣ ከባሕሩ ዳር በአማርኛ ሰላም የሚል ተማሪ ቢያጋጥም አያስገርምም። ኮርሱ በዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጥ መሆኑን፣ በመጨረሻው የውጤት ወረቀት መኖሩንና የክሬዲቱን ብዛት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በአውሮፓው ኢሲቲኤስ በሚባለው የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ማለት ነው፤ ይህን ይዞ እዚህ ካለው ሬጅስትራር ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ከተመለሱ በኋላ «ይህ አይያዝልህም» ከመባል ያድናል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን የአገር አቀፉ ፈተና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ድረስ ስለሚሰጥ፣ በነሐሴ የሚጀምር ኮርስ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቀምጣል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ መግባት ይችላል። በሕጉ መሠረት መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ይህን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱን በበጎ ፈቃድ መተውንም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም በዚያው ውሳኔ አግዷል። ስለዚህ ትምህርቱ ሰኔ 29 የሚጀምር ከሆነ የቪዛው ፋይል በሚያዝያ መግባት፣ የቅበላ ደብዳቤው በመጋቢት እጅ ላይ መገኘት፣ ለኮርሱ የሚቀርበው ማመልከቻ በጥር መላክ፣ ፓስፖርቱም ከገና በፊት መውጣት ይኖርበታል። ፓስፖርቱ ከሸንገን አገሮች ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ግንቦት ላይ «እስቲ እንሞክር» ብሎ የሚነሣ ቤተሰብ ገንዘቡን ባያባክን ይመረጣል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንግባ። ስማችን የቤተሰብ መጠሪያ የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የአውሮፓው ፎርም ግን «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ አንዱ ሰው በዚያ ቦታ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ረድፍ የትኛው ስም እንደ ሰፈረ አይቶ፣ ከኮርሱ የምዝገባ ፎርም እስከ አውሮፕላን ቲኬቱ ድረስ ፊደል በፊደል እርሱኑ መከተል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ በቲኤስ፣ አንዴ በኤስ፣ አንዳንዴም በቲ ተጀምሮ ይጻፋል፤ «ተክለ ሃይማኖት» በአንዱ ሰነድ እንደ አንድ ቃል፣ በሌላው እንደ ሁለት ቃል ይገኛል። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ ፋይሉን ለሚመረምረው ባለሙያ ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ የተለየ ከሆነ ትምህርት ቤቱ እንዲያስተካክል ወይም ሁለቱም ስሞች የአንድ ተማሪ መሆናቸውን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ በጥር መጠየቅ እንጂ፣ የቪዛው ቀጠሮ ዋዜማ ላይ መሯሯጥ አይጠቅምም።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 10 ቀን 2000 ዓ.ም የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 የተወለደች ናት፤ በተለመደው ቀመር በችኮላ የሚያሰላ ሰው ግን 18 ብሎ ይጽፋል። ልዩነቱ የመጣው 1999 ዓ.ም ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረና የ2000 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ በመዋሉ ነው። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነበር፤ የልደት የምስክር ወረቀቷን የተረጎመልን ሰው 18 ብሎ ጽፎ፣ ፓስፖርቷ ደግሞ 19 ይል ነበር፤ በአንዲት ቀን ምክንያት ትርጉሙን እንደገና አሠርተን እንደገና አስረጋገጥን። በሸገር ከተማ ሥር ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች የልደት ወረቀታቸው በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ለትርጉሙ አንድ ሳምንት ጨምረው ያስቡ። ተማሪው 18 ዓመት ካልሞላው የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ መጽደቅ አለበት፤ አንደኛው ወላጅ ውጭ አገር ካለ ውክልናው ወይም ፈቃዱ ካለበት አገር እስኪመጣ ብዙ ሳምንት ይወስዳልና ከሁሉ አስቀድሞ መጀመር ያለበት እርሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የቪዛ መርማሪው የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ገንዘቡስ ከየት መጣ? ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ አይዘጋጅም። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ሺህ ብር ሲገባና ሲወጣበት የኖረ የባንክ ሂሳብ በአንድ ቀን በመቶ ሺዎች ቢያብጥ፣ የተበደሩት ገንዘብ ለታይታ የገባ ይመስላል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ እብጠት ብዙ ጊዜ የዕቁብ ዕጣ ነው፤ ንጹሕ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ዕቁብ ምን እንደሆነ ባርሴሎና ወይም ጄኖዋ ያደገ ሰው እንዲያውቅ አይጠበቅም። ስለዚህ የዕቁቡ ሰብሳቢ የፈረመበት፣ የክፍያውን መጠንና ቀን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከነትርጉሙ ከባንክ መግለጫው ጋር ማያያዝ ጥሩ ነው። የወላጅ የደመወዝ ደብዳቤ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ ካለም ካርታው ይቀርባል። እነዚህ ሀብትን ከማሳየት በላይ ተማሪው የሚመለስበት ቤት እንዳለው ያሳያሉ፤ በዚያው ባሕር ላይ በጀልባ ሲሻገሩ ስንት ወገኖቻችን እንዳለቁ ስናስብ፣ «ይመለሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቢከነክነንም ከየት እንደመጣ ይገባናል። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ ተማሪው በመስከረም በየትኛው ክፍል ወይም ዓመት እንደሚቀጥል የሚገልጽ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በጀቱ በዩሮ ተሠልቶ በየወሩ ወደ ብር ቢመነዘር ነው የሚያዋጣው፤ በጥር በብር የተሠራ በጀት በሰኔ ላይበቃ ይችላል። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ሆኖም በሸንገን የቪዛ ሕግ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚጓዙ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን ከዚህ ክፍያ ነጻ ናቸው፤ ይህን ሳያውቁ የከፈሉ ሰዎች አጋጥመውኛልና በትሕትና መጠየቅ አያሳፍርም። ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት ካለ የእርሱ የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ቆይታውን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። «ቪዛውን እኔ አስወጣለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ» ለሚል ደላላ ምንም ቢሆን ቀብድ አይስጡ፤ ውሳኔው የቆንስላው ብቻ ነው።

ቀጠሮውን ስንጽፍ ስለ ሰዓት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የእህቴ ልጅ ቀጠሮ በወረቀቱ ላይ 8:30 ይል ነበር። እኔ ደግሞ በአገራችን ሰዓት አንብቤው፣ ከምሳ በኋላ ከሰንዳፋ ተነሥተን ስምንት ሰዓት ሲሆን ከበሩ ደረስን፤ ጥበቃው ወረቀቱን አይቶ «አባቴ፣ ይሄ እኮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አለኝ። አዲስ ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ። ዩኒቨርሲቲው በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ካደረገም ልብ ይባል፤ በእነርሱ የበጋ ወራት የጣሊያን፣ የስፔን፣ የፈረንሳይና የማልታ ሰዓት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲሆን፣ የግሪክ ግን እኩል ነው። በሮም ከጠዋቱ 10:00 የተባለው ቃለ መጠይቅ በእኛ አምስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ተማሪ የሞላ ስልክና የሞባይል ዳታ አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሻንጣ ላይ እናቶች ይበረታሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከአባላቱ ውጭ ከሚመጡ ተጓዦች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቋንጣውም ንጥር ቅቤውም በጉምሩክ ይወሰዳል። የእህቴ ልጅ ቅቤ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተሞልቶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጎ ሻንጣዋ ውስጥ ተቀብሮ አግኝተነው በስንት ልመና አስወጥተነዋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ሹራብ ከቦሌ ለመነሣት አንድ ይበቃል፤ እዚያ ሐምሌ ላይ ቀትሩ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ ሰው ሙቀቱ በተለይ ሌሊት ይከብደዋል። ቀጫጭን የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዝ።

ስለ ባሕሩ ራሱ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ መንሳፈፍ ዋና ማወቅ አይደለም። ሜዲትራኒያን በአንድ ሊትር ውኃ 38 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ሰውነትን ቀለል ያደርጋል፤ ይህ ጀማሪውን ያታልለዋል፣ ወደ ውስጥ የሚስበው የውኃ ሞገድ ግን አይምረውም። በስፔንና በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻዎች አረንጓዴ ባንዲራ መዋኘት እንደሚቻል፣ ቢጫው መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ፣ ቀዩ ደግሞ መግባት ክልክል መሆኑን ያመለክታል። ተማሪው ከመሄዱ በፊት በከተማው ካሉት ገንዳዎች በአንዱ የሁለት ወር ትምህርት ቢወስድ መልካም ነው፤ ካልቻለም ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ቦታ ከጉልበቱ በላይ ወደ ውኃው አይግባ።

የሚጾም ተማሪ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ማደሪያውን ሲይዝ ማብሰያ ቤት ያለው ይምረጥ። ቲማቲም በወይራ ዘይት፣ ሽንብራ፣ ምስርና ፓስታ በየመንደሩ ይገኛል። ኦገስት 15 ግን በጣሊያን ታላቅ በዓል ስለሆነ፣ በዙሪያው ባሉት ቀናት ብዙ ትናንሽ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ቀደም ብሎ መሸመት ያስፈልጋል። በስፔን ደግሞ ምሳ በእኛ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እራትም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለሚበላ፣ ቁርስን በደንብ በልቶ መውጣት ይበጃል።

ሲመለሱ የውጤት ወረቀቱ ዋናው ቅጂ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ለሬጅስትራር ይሰጥ። የመውጫ ማኅተም በፓስፖርቱ ላይ ካረፈ የዚያ ገጽ ኮፒና የመመለሻ ቦርዲንግ ፓስ ከቪዛው ፋይል ጋር አብረው ይቀመጡ፤ የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ኮርስ ስታመለክት መጀመሪያ የጠየቋት እነዚያን ሁለቱን ነበር።