የሜኖናይትና የብሬዝረን ቅድመ አያቶችን በኢንተርኔት ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሜኖናይት የሚለውን ስም የሚያውቀው በመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። እዚህ የምናወራው ግን ከስዊዘርላንድ፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድስ ምድር ተነሥተው ሰሜን አሜሪካ ስለ ገቡ የሜኖናይትና የብሬዝረን ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ነው፤ ሁለቱም ጥምቀት ላመነ ሰው ብቻ ይገባል የሚሉ የፕሮቴስታንት ማኅበራት ናቸው። የእነዚህን ሰዎች አሻራ የሚፈልግ አስቀድሞ እምነታቸውን ይወቅ፤ ምን እንደ ተጻፈና ምን ሳይጻፍ እንደ ቀረ በአብዛኛው የወሰነው እርሱ ነውና። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትልቁ ስህተት የሕፃን ጥምቀት መዝገብ ማሳደድ ነው። ለሉተራን ስደተኞች ይህ ዋነኛ ሰነድ ነው። ሜኖናይቶች ግን በ1525 ዙሪክ ላይ ከተነሣው፣ ጥምቀት ላመነ ሰው ብቻ ይገባል ከሚለው እንቅስቃሴ የወጡ ስለሆኑ ጨቅላ አያጠምቁም። የፔንሲልቬንያ መንግሥትም ልደትን በመላ ግዛቱ መመዝገብ የጀመረው በ1906 ነው። ስለዚህ በ1790 በፔንሲልቬንያዋ ላንካስተር ወረዳ የተወለደ ልጅ የሚገኘው በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጾች፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ፣ አለዚያም በአባቱ ኑዛዜና በመሬት ሽያጭ ውል ውስጥ ነው። ከሁሉም ኑዛዜን አስቀድማለሁ፤ ያገቡ ሴቶች ልጆችን ብዙ ጊዜ ከነባሎቻቸው ስም ያነሣልና። የጥምቀት መዝገብ አይፈለግም የሚለው ደንብ ግን በጭፍን አይያዝ። ብሬዝረን የተመሠረቱት በ1708 በጀርመን ሽቫርዜናው፣ ስምንት አዋቂዎች በኤደር ወንዝ ሲጠመቁ ነው። እነዚህ ሰዎች ሲወለዱ ማኅበሩ ገና አልነበረም። መሪያቸው አሌክሳንደር ማክ እንኳ በ1679 ሽሪስሃይም በምትባል ከተማ በሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሣ ነው። ለዚያ ትውልድ የደብሩን መዝገብ ሳይገልጡ ማለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

«ብሬዝረን» የሚል ስም ባዩ ቁጥር አንድ ወገን ነው ብሎ መደምደምም ብዙዎችን ያሳስታል። ከሽቫርዜናው የወጡት ለረጅም ጊዜ ደንከር ወይም ጀርመን ባፕቲስት ብሬዝረን ይባሉ ነበር፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሦስት ተከፈሉ፤ ትልቁ ክፍል «ቸርች ኦፍ ዘ ብሬዝረን» የተባለው ገና በ1908 ነው። ዩናይትድ ብሬዝረን ሌላ ነው። በ1860 በሩሲያ ግዛት የተነሡት ሜኖናይት ብሬዝረንም ሌላ ናቸው። የአንዱን ቤተ መዛግብት ይዞ የሌላውን አያት መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ሜኖናይቶችም ቢሆኑ ሁለት ትልልቅ ጅረቶች አሏቸው። ዮደርና ላንዲስን የመሰሉ የስዊስ ቤተሰቦች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንሲልቬንያ ገቡ። ፔነርና ፍሪሰንን የመሰሉት ደግሞ ከኔዘርላንድስ በፕሩሲያ አድርገው ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር ሰፈሩ፤ ከ1874 ጀምሮም ወደ አሜሪካዋ ካንሳስና ወደ ካናዳዋ ማኒቶባ ጎረፉ። «ግራንድማ» የተባለው ታዋቂ የመረጃ ቋት በዋናነት የሁለተኛዎቹ ነው፤ የላንካስተር ዮደርን እዚያ አጥቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው በሩን ተሳስቷል። ከሩሲያ የመጡ ቀኖች ሩሲያ ያኔ በምትጠቀምበት በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ሊጻፉ ስለሚችሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሥራ ሁለት ቀን ልዩነት ቢታይ አይደንግጡ። ሁለት አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የመርከብ ዝርዝርንም ከአቅሙ በላይ አያምኑት። ፊላደልፊያ ላይ ከ1727 ጀምሮ ባለሥልጣናት ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት ቃል የሚያስገቡት ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ነበር። የሚስትና የልጆች ስም አለመኖሩ አልመጡም ማለት አይደለም።

«መሣሪያ አያነሡም፣ ስለዚህ ወታደራዊ ሰነድ የላቸውም» ማለት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ በሚሊሻ ያልሠለጠኑ ወንዶች ተቀጥተዋል፤ የቅጣቱ ዝርዝርም ተቀምጧል። በ1917 እና በ1918 የተሞሉት የአሜሪካ ጦር የምልመላ ካርዶችም በእምነታቸው ምክንያት ውጊያን የሚቃወሙትን ጭምር ይይዛሉ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን በአንድ ጠቅታ የሰው የዘር ዛፍ መገልበጥ ነው። እርስ በርስ በሚጋባ ማኅበረሰብ ውስጥ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዘመን፣ ሦስት አራት ጆን ሚለሮች ይኖራሉ። አንዱ ገምቶ የጻፈውን መቶ ሰው ሲገለብጠው ግምቱ መቶ ምስክር ያገኘ ይመስላል። የሚለያቸው የግብር መዝገብ፣ የመሬቱ አዋሳኝ፣ የሚስት ስም ነው። ከ1850 በፊት የሕዝብ ቆጠራው በስም የሚጠራው የቤቱን አባወራ ብቻ ስለሆነ በእርሱ ብቻ አይፍረዱ። ከ1864 ጀምሮ የወጣው «ሄራልድ ኦፍ ትሩዝ» የተባለ የሜኖናይት ጋዜጣ ዜና ዕረፍት ያትም ነበር፤ ጽሑፎቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ ዛፉን ከመገልበጥ በፊት እነርሱን ያንብቡ።