ፕላዝማ ወይስ ኤልሲዲ? ሰሜን ሸዋ ላይ ቲቪ እንዴት ይመረጣል

አዲስ ፕላዝማ ቲቪ ፍለጋ ከሆነ አይድከሙ። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ማምረት አቁመዋል። ዛሬ «ፕላዝማ አለኝ» የሚል ሻጭ ወይ ያገለገለ ይዟል፣ ወይ ጠፍጣፋ ቲቪን ሁሉ ፕላዝማ ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን አዙረው የተለጠፈውን ያንብቡ። ሞዴሉና የሚበላው ዋት እዚያ አለ። 42 ኢንች ሆኖ 200 ዋት ካለፈ፣ ለማንሳትም ሁለት ሰው ከፈለገ፣ ፕላዝማ ሳይሆን አይቀርም። የዚያው መጠን ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው። ኤልኢዲ የሚባለውም ያው ኤልሲዲ ነው፤ የሚለየው ከኋላ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚኖሩበትን ከፍታ ያስቡ። የእኛ አገር ጉዳይ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ፕላዝማ ውስጥ በመስታወት መሀል የታሸገ ጋዝ አለ። ከፍታ ላይ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ስክሪኑ እዝዝ እያለ ይጮኻል። በርካታ አምራቾች ገደቡን 2,000 ሜትር አካባቢ ያደርጉት ነበር። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሻጩ ድምፁን እንዲያጠፋ ይጠይቁት፤ ነጭ የበዛበት ምስል ያስከፍቱና ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። ሱቁ ውስጥ በጫጫታ መሀል ከተሰማዎት፣ ማታ ቤት ጸጥ ሲል ያሰለችዎታል። አዲስ አበባ ሞክሬዋለሁ ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ደብረ ብርሃን በከፍታ ከዚያ ትበልጣለች።

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ከሆኑ እንግዲህ ያለ ማመንታት ኤልሲዲ ይግዙ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ድምፁ አያሰጋም። ግን ፕላዝማ ራሱ ምድጃ ነው፤ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ማን ይፈልጋል?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጨለም ባለ ክፍል የፕላዝማ ጥቁር የምር ጥቁር ነው። ኳስም ሲሮጥ አይደበዝዝም፣ ጥግ የተቀመጠ ሰውም እኩል ያያል። ቆላ ሆነው በርካሽ ካገኙ፣ አንድ ወጥ ግራጫ ስክሪን ያስከፍቱ። ጥግ ላይ የጣቢያ ሎጎ ጥላ ከቀረ ተቃጥሏልና ይተውት።

ኤልሲዲውን ሲፈትሹ ፊት ለፊት ብቻ አይቁሙ። ቤት ውስጥ ሶፋው ያለበትን ያህል ወደ ጎን ዞር ይበሉ፤ ቀለሙ ከገረጣ ሌላ ያሳዩኝ ይበሉ። ጥቁር ምስል ላይ ጠርዙ አንጸባርቆ እንደሆነም ይዩ።

ሲጭኑት አያስተኙት፤ በተለይ ፕላዝማ ቆሞ ነው የሚሄደው። ስታብላይዘር ከቲቪው ጋር አብረው ይግዙ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት።